ቁራጭን ስለ ማጽደቅ፤ የሰሜን ሸዋ ጓሮና የመሐንዲሱ ኃላፊነት

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በአማርኛ አንድ ችግኝ ሥር ይዞ ሲቆም «ጸደቀ» ይባላል። ይኸው ቃል ስለ ጻድቅ ሰው ነፍስም ይነገራል። ባላገሩ አንዱን ቃል ለሁለቱም ያዋለው ያለ ምክንያት አይመስልም። ከእናቱ የተለየ፣ ሥር የሌለው፣ ውሃ የሚስብበት አፍ ያላገኘ ቅርንጫፍ በባዕድ አፈር ውስጥ ሕይወቱን ይዞ መቆየቱ በእርግጥም እንደ መዳን የሚቆጠር ነውና።

የዚህ ንግግር ርእስ ሲሰማ ጉዳዩ የቤት እመቤቶች እንጂ የመሐንዲሶች አይመስልም ይሆናል። ይሁን እንጂ ደብረ ብርሃን በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ያረፈባት፣ መንገዶቿና ሕንፃዎቿ የሚበዙባት ከተማ ሆናለች። አዲስ ነገር የሚሠራበት ቦታ ሁሉ አስቀድሞ ይጠረጋል፤ የጠረጋውን መስመር የሚያሰምረውም መሐንዲስ ነው። ስለዚህ በጓሮ የሚበቅለው ነገር ዕጣ ባለሙያው ካሰበው በላይ በእጁ ይገኛል።

አንድ ምሳሌ እንደ መነሻ ይወሰድ። በደብረ ብርሃን የመንገድ ማስፋፊያ የሚነካው አንድ አሮጌ ግቢ አለ እንበል። ቤቱ፣ አጥሩ፣ የውሃ ጉድጓዱና ባሕር ዛፉ በካሳ ቅጹ ላይ በየተራ ተመዝግበዋል። ልኬታውን የሚያካሂደው ወጣት መሐንዲስ ወረቀቱን ሲያጥፍ፣ «እማማ፣ የቀረ ነገር ይኖር ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቲቱም በቤቱ ጥግ ወደ ቆመችው የጽጌረዳ ቁጥቋጦ እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ ይህችን እናቴ ስዳር ጊዜ ከአንኮበር ቆርጣ ያስያዘችኝ ናት። ዋጋዋን ምን ብዬ ልንገርህ?» ይሉታል። መሐንዲሱ በቅጹ ላይ የሚጽፍበት መስመር ያጣል።

ለሴትየዋ ጥያቄ በገንዘብ መልስ መስጠት ያስቸግራል። በእጅ ሥራ የሚሰጥ መልስ ግን አለ፤ እርሱም አንድ ስንዝር የሚሆን ቅርንጫፍ በትክክለኛው ጊዜ ቆርጦ በትክክለኛው አኳኋን ማጽደቅ ነው።

ቁራጭ ማለት ምንድን ነው?

ከዘር የሚበቅል ተክል የአባቱና የእናቱ ቅልቅል ነው። ከቁራጭ የሚበቅለው ግን በባሕርዩ ራሷ እናቲቱ ነው። የጓሮ ጽጌረዳ ለብዙ ዘመን ስትዳቀል የኖረች በመሆኗ ዘሯ ቢዘራ ልጅዋ እናቷን አትመስልም፤ ቀለሟም ሽታዋም ይለወጣል። ስለሆነም የአንዲት ጽጌረዳ ዝርያ የሚቆየው ከእጅ ወደ እጅ በሚሰጥ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። የመጨረሻዋ ቁጥቋጦ ስትነቀል ዝርያው ያበቃለታል፤ ከጎተራ የሚወጣ መጠባበቂያ ዘር የለውም።

በአንጻሩ የሰሜን ሸዋ ታላላቅ ዛፎች የዘር ልጆች ናቸው። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው በመናገሻ ተራራ አስተከሉ ተብሎ ይተረካል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍም በዘር የተስፋፋ ነው። ጽድ፣ ኮሶና ወይራ በቤት ውስጥ ዘዴ በቁራጭ እምብዛም አይሳካላቸውም፤ ለእነርሱ ዘር መሰብሰብ ይሻላል። ጤና አዳም፣ አሪቲ፣ ጽጌረዳ፣ ጄራኒየም፣ ናና፣ ግራዋ፣ በወንዝ ዳር የሚበቅለው አኻያ፣ ለአጥር የሚተከሉት ኮርችና ቁልቋል ግን ቅርንጫፋቸው ሲቆረጥ ሥር ለመስደድ የተዘጋጁ ናቸው። የአንኮበርና የአካባቢው ሕዝብ አጥሩን በሕያው እንጨት ሲያጥር የኖረው ይህን ጠባያቸውን ስለሚያውቅ ነው።

በእንጨቱ ውስጥ የሚሆነው

ቅርንጫፍ ሲቆረጥ በመጀመሪያ ቁስሉ ይደፈናል። ከልጡ ሥር ካምቢየም የሚባለው ስስ የሕዋሳት ሽፋን መባዛት ይጀምርና በቁስሉ አፍ ላይ ነጣ ያለ እባጭ ያበጃል። አዲሱ ሥር በአብዛኛው የሚነሣው በዚሁ አካባቢ፣ ይልቁንም በአንጓው አጠገብ ነው። ይህን ሥራ የሚያነሣሣው ኦክሲን የተባለው የዕድገት ሆርሞን ነው። ኦክሲን ከጫፍ እንቡጦችና ከለጋ ቅጠሎች ይመነጭና ወደ ታች ይወርዳል፤ ቅርንጫፉ ሲቆረጥ የሚያልፍበት መንገድ ስለሚዘጋበት በታችኛው ጫፍ ይጠራቀማል። ቁራጭ ተገልብጦ ሲተከል የማይሆንለትም አንዱ ምክንያት ይኸው የአንድ አቅጣጫ ጉዞ ነው።

ሳይንቲስቶች ይህን ሆርሞን ከሥር መብቀል ጋር ያያያዙት እ.ኤ.አ. በ1934 እና በ1935 ባደረጉት ምርምር ነው። ከዚያ ወዲህ ኢንዶል ቢዩቲሪክ አሲድ የተባለው ውሕድ በዱቄት መልክ እየተዘጋጀ በዓለም ዙሪያ ይሸጣል። ለለጋ እንጨት 0.1 ከመቶ፣ በከፊል ለጠነከረ 0.3 ከመቶ፣ ለጠነከረ 0.8 ከመቶ የሚሆነው ጥንካሬ የተለመደ ነው። ዱቄቱ ካልተገኘም ከላይ የተዘረዘሩት ተክሎች ያለ እርሱ ይጸድቃሉ። አንዳንዶች በምትኩ የሚቀቡት ማር ጀርሞችን ይገታ ይሆናል እንጂ ሆርሞን አይደለም።

ስለ አቆራረጡ

የተሻለው እንጨት እጅግ ለጋም እጅግ ያረጀም ያልሆነው ነው። ለጽጌረዳ አበባዋ ገና የረገፈ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው የዓመቱ ቡቃያ ይመረጣል። ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ አንጓዎቹም ሦስት ወይም አራት ይሁኑ። የታችኛው ጫፍ ከአንጓው ሥር በስላች፣ የላይኛው ጫፍ ከአንጓው በላይ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል። እንዲህ ከሆነ የቱ ራስ የቱ እግር እንደሆነ በኋላ አያምታታም። ቢላዋው ስለታም፣ በአልኮል ወይም በእሳት የጸዳ መሆን አለበት፤ የደነዘ ቢላዋ ካምቢየሙን ይጨፈልቀዋልና።

ጊዜው ጠዋት ነው፤ ቅርንጫፉ በሌሊቱ ውሃ ጠጥቶ ያደረ ስለሆነ። ወዲያው የማይተከል ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በጥላ ይቆይ። በቆቃ አካባቢ ባሉ የአበባ እርሻዎች ሥር ያላወጡ ቁራጮች ተቆርጠው፣ ቀዝቀዝ ባለ ስፍራ ታሽገው በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይጓዛሉ፤ ሥር የሚያወጡትም እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚችል ቅርንጫፍ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የአንኮበርና የደብረ ብርሃን መንገድ በእርጥብ ነጠላ ተጠቅልሎ ቢያልፍ የሚያስደንቅ አይሆንም።

መደቡና ውሃው

ሥር ለመብቀል ከውሃ ሌላ አየር ይሻል። በግቢ የተገኘ ጥቁር ጭቃ በዕቃ ቢሞላ ውሃ ቋጥሮ ቁራጩን ያበሰብሳል። ግማሽ እጅ የታጠበ አሸዋ ወይም በወንፊት የተነፋ ሬድ አሽ፣ ግማሽ እጅ የበሰለ ብስባሽ ተደርጎ ቢቀላቀል ይበቃል። በሬድ አሽ መንገድ ሲደለድሉ የኖሩ ባለሙያዎች ውሃ የማሳለፍ ጠባዩን ጠንቅቀው ያውቁታል። ዕቃው በሥሩ ቀዳዳ ይኑረው።

የሻጋታ ፍራቻ ካለ ድብልቁ በክዳን ድስት በእንፋሎት ይታጠናል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ይህ ግን ሥራውን አያደናቅፍም፤ በአፈር ውስጥ የሚኖሩትን አብዛኞቹን የበሽታ ጀርሞች ለማጥፋት 82 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያህል በቂ ሆኖ ተገኝቷልና።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የውሃ ሚዛን ነው። ቅጠል ሥር ባይኖረውም ውሃ ማትነኑን አያቆምም። በ20 ዲግሪ ሙቀት አየር በእንፋሎት ሲጠግብ የእንፋሎቱ ግፊት 2.3 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። የአየሩ እርጥበት 40 ከመቶ ከሆነ 1.4 ኪሎ ፓስካል የሚያህል ጉድለት ይቀራል፤ ቅጠሉን የሚያደርቀውም ይህ ጉድለት ነው። ገቢ የሌለው ሰው ወጪውን እንደሚቀንስ ሁሉ የቁራጩም ወጪ መቀነስ አለበት። ስለዚህ የታችኞቹ ቅጠሎች ይነሣሉ፤ በላይ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይቀራሉ፤ ሰፊ ከሆኑም በግማሽ ይቆረጣሉ። ከዚያም በተለምዶ ሃይላንድ እየተባለ የሚጠራው የውሃ ፕላስቲክ ታችኛው ክፍሉ ተቆርጦ በላዩ ይደፋበታል። በውስጡ አየሩ በእንፋሎት ስለሚጠግብ ጉድለቱ ወደ ዜሮ ይቀርባል። ክዳኑ በቀን ለጥቂት ደቂቃ ይከፈት። ዕቃው ብርሃን ባለበት ጥላ እንጂ በቀጥታ ፀሐይ ላይ አይቀመጥ፤ ፕላስቲኩ ሙቀት አምቆ ቁራጩን ይቀቅለዋልና።

ጄራኒየም ከዚህ ደንብ የወጣ ነው። ግንዱ ውሃ የቋጠረ በመሆኑ ከተቆረጠ በኋላ ለጥቂት ሰዓት በጥላ ደርቆ ይተከላል፤ ክዳንም አይፈልግም። ቁልቋል ደግሞ ቁስሉ እስኪደርቅ ለቀናት ይቆያል። ወተቱ ዓይን ክፉኛ ስለሚጎዳ ሲቆረጥ ጥንቃቄ ያሻል። የጤና አዳም ጭማቂም ቆዳን ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል።

ስለ ቅዝቃዜው

እስካሁን የተነገረው በየትኛውም አገር የሚሠራ ነው። የደብረ ብርሃን ልዩ ችግር ብርድ ነው። ሥር በደንብ የሚበቅለው የአፈሩ ሙቀት ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ የደብረ ብርሃን የዓመቱ አማካይ ሙቀት ግን 13 ዲግሪ ገደማ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ምድሪቱ ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቅና ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት አመዳይ ሣሩን አልብሶት ይታያል። ከደብረ ብርሃን ዝቅ ብላ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ በተረተሩ ጫፍ የምትገኘው አንኮበር ደግሞ ከቆላው የሚወጣው ጉም ይጎበኛታል፤ ጉሙ ለቁራጭ የተፈጥሮ ክዳን ነው። በአንኮበር በቀላሉ የሚጸድቀው ቅርንጫፍ በደብረ ብርሃን የሚደርቀው ከእጅ መባረክና ካለመባረክ የተነሣ አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ የቀን መቁጠሪያ ነው። በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ የተተከለ ቁራጭ ውርጭ ከመድረሱ በፊት ሦስት ወር ያህል ያገኛል። ጤና አዳም በሦስትና በአራት ሳምንት፣ ጽጌረዳ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ሥር ስለሚያወጡ ጊዜው ይበቃቸዋል። በኅዳር የተተከለው ግን ቁስሉን ሳይደፍን ብርድ ያገኘዋል።

ሁለተኛው መፍትሔ ሙቀት ማከማቸት ነው። በበጋ መትከል ግድ ቢሆን ዕቃዎቹ በሣጥን ውስጥ ተደርገው በመካከላቸው ሙቅ ውሃ የያዘ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይቀመጣል። ውሃው ከ40 ዲግሪ ወደ 15 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 2,100 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይለቃል። ይህ በ12 ሰዓት ሌሊት ሲካፈል በአማካይ 48 ዋት ያህል ይሆናል፤ ይኸውም አንድ አነስተኛ የቀድሞ አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ እንደማለት ነው። ሣጥኑ በጭድና በጆንያ ቢሸፈን ሙቀቱ በቶሎ አያመልጥም። በታቹ ትኩስ ፍግ ቢነጠፍም ፍጉ ሲብላላ ሙቀት ይሰጣል።

ሦስተኛው የቦታ ምርጫ ነው። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይወርዳልና ዕቃው በግቢው ጉድጓዳ ቦታ አይቀመጥ። የከሰዓት ፀሐይ የሚያገኘው የድንጋይ ግንብ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል፤ ጥጉ መልካም ነው። የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግን አመዳይ የነካውን ቅጠል በድንገት ስለሚያሞቀው ጉዳቱን ያብሰዋል።

ስለ ትዕግሥት

ብዙ ቁራጭ የሚሞተው በብርድ ወይም በድርቀት ሳይሆን በባለቤቱ ጉጉት ነው። ሥር ማውጣቱን ለማየት በየሳምንቱ የሚነቀል እንጨት አዲስ የበቀለውን ፀጉር የመሰለ ሥር እያጣ ይኖራል። አዲስ ቅጠል ማቆጥቆጡም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ እንጨቱ ያጠራቀመውን ምግብ እየበላ ቅጠል ሊያወጣ ይችላልና። የተሻለው ምልክት ቀስ ብለው ሲስቡት የሚሰማ ተቃውሞ፣ ወይም በዕቃው ቀዳዳ ብቅ ያለ ነጭ ሥር ነው። ናና በብርጭቆ ውሃ ውስጥም ሥር ያወጣል፤ ውሃው በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ይለወጥ። ከውሃ የወጣ ሥር ተሰባሪ ስለሆነ ብዙ ሳይረዝም ወደ አፈር ይዛወር።

ሥር ከያዘ በኋላ ክዳኑ በአንድ ጊዜ አይነሣም። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት፣ በማግስቱ ሁለት እየተባለ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአየሩ ጋር ይላመዳል። በደብረ ብርሃን የመጀመሪያውን በጋ በቤት ውስጥ ወይም በበረንዳ አሳልፎ በቀጣዩ ክረምት መሬት ቢያርፍ ይመረጣል።

ሊሸሸግ የማይገባው ጉድለት

የዚህ ዘዴ ጥቅም ሁሉ በአንድ ጉድለት የታጀበ ነው። ቁራጭ እናቲቱን ስለሆነ በሽታዋንም ይወርሳል፤ ልጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ አንዱን የገደለ ሁሉንም ይገድላል። አየርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ያየችው ረኀብ የዚህ ትምህርት ነው። ሕዝቡ በብዛት የተመካበት ድንች ከእንቡጡ እየተተከለ የተራባ አንድ ዓይነት ዝርያ ነበርና ዋግ በገባበት ጊዜ የተረፈ አልነበረም ለማለት ይቻላል፤ አንድ ሚሊዮን የሚያህል ሰው አለቀ። ስለዚህ ከታመመ ቁጥቋጦ አይቆረጥም፤ የጸደቀውም በአንድ ግቢ ብቻ አይቀመጥም።

ከባለሙያው የሚጠበቀው

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ በዘለቀ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቅሎ በደብረ ብርሃን ተጠልሏል። ቤትና ጓሮ የተወ ሰው ይዞት ሊሄድ የሚችለው ነገር እጅግ ጥቂት መሆኑን ከተማይቱ በዓይኗ አይታለች። በልማት ምክንያት የሚነሣው ሰው ዕጣ ግን ከዚህ ይለያል፤ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል። ቀኑን ከሚያውቁትም አንዱ መሐንዲሱ ነው።

በመሆኑም ሦስት ነገሮች ለማኅበሩ አባላት ይቀርባሉ። አንደኛ፣ በግቢ ልኬታ ቅጽ ላይ «በቁራጭ ሊወሰዱ የሚገባቸው ተክሎች» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ወጪው ቀለም ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የጠረጋው ቀን ሲቆረጥ ከተቻለ አንድ ክረምት እንዲያልፍ ይደረግ፤ በታኅሣሥ የሚመጣ ቡልዶዘርና በሰኔ የሚመጣ ቡልዶዘር ለተቋራጩ የአንድ ፕሮግራም ለውጥ ሲሆን ለጽጌረዳዋ ግን የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው። ሦስተኛ፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሲነደፉ በረንዳው የከሰዓት ፀሐይ የሚያገኝና ጥቂት የአበባ ዕቃ የሚሸከም ይሁን። ከጓሮ ወደ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ቤተሰብ ጤና አዳሙን የሚያኖርበት ስፍራ ያ ብቻ ነውና።

ወደ መነሻው ምሳሌ ለመመለስ፣ ወጣቱ መሐንዲስ በዚያች ግቢ ምን ያድርግ? ወሩ ሐምሌ ከሆነ ስምንት ቅርንጫፍ ይቁረጥ። አራቱን ለባለቤቲቱ አዲስ ቤት፣ ሁለቱን ለጎረቤት፣ ሁለቱን አንኮበር ላለ ዘመድ ይላክ። ከስምንቱ ሦስቱ ቢጸድቁ ሥራው ተሳክቷል። ወሩ ኅዳር ከሆነ ግን ጀሪካኑንና ሣጥኑን ያዘጋጅ፤ ከዚያም አስቀድሞ ወደ ሥራ ተቋራጩ ስልክ ደውሎ ያንን ጥግ የመጨረሻ እንዲያደርጉት ይጠይቅ።